ልሙጡ መቀነት

ልጅ ሳለሁ ሕፃን በእናቱ ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው በመቀነት ታስሮ ይመስለኝ ነበር። የአህያ ጭነት በገመድ ካልጠበቀ እንደሚንሸራተተው ሁሉ፣ ሕፃንም መቀነቱ ከላላ ተንሸራትቶ ይወርዳል ብዬ አምን ነበር። ይህን እውቀት ያገኘሁት ከአጎቴ ሚስት ከይታየሽ ነው። አሁን ሰቆጣ ከተማ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የስንቱን ልጅ እትብት ቆርጫለሁ፤ መቀነት አንድም ሽል ይዞ እንደማያውቅ አሳምሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ይታየሽ ያለችው ሁሉ ለእኔ እውነት ነበር።

አባቴ የሻምበልና ታናሽ ወንድሙ ዓለምነህ ጋዝጊብላ ውስጥ በአንድ ግቢ ነበር የሚኖሩት። በእኛ በኩል እኔና ወንድሞቼ ስንንጫጫ እንውላለን፤ በእነሱ በኩል ጸጥ ያለ ነው። ይታየሽ ታረግዛለች፣ ሆዷ ገፋ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ከቤት ሳትወጣ ትውላለች። ሴቶቹ «ወረደባት» ሲባባሉ ስሰማ ምን እንደወረደ ለማየት መሬት መሬቱን አይ ነበር። ምንም አይታየኝም።

በእንዲያ ያለው ሰሞን እናቴ ደብሬ «ሂጂ አጠገቧ ተኚ» ብላ ወደ እነሱ ቤት ትልከኛለች። ይታየሽ ፀጉሬን እየሠራች «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ስትለኝ «ያንቺ» እላታለሁ። እናቴ ይህን እየሰማች ቅር ብሏት አያውቅም። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ ሁለት እናት አለኝ ብዬ እኩራራ ነበር።

በአገራችን ቀስተ ደመና የማርያም መቀነት ነው። በእኛ መንደር ደግሞ ልጅ አልረጋላት ያለች ሴት ያንን መቀነት በጨርቅ አሰፍታ ትታጠቀዋለች። አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ጨርቅ ከሱቅ አትገዛም፤ በኩር ልጅ ካደገባቸው ሦስት ቤቶች ትለምናለች። ከታጠቀችው በኋላ ራሷ አትፈታውም። ምጧ ሲመጣ ወገቧን የሚይዙት ሴቶች ይፈቱላታል፤ እስከዚያ እንደታጠቀችው ትተኛለች፣ እንደታጠቀችው ትነሳለች።

ያን ዓመት ይታየሽ ስታረግዝ «ይኸንን ካጣሁ ሌላ አልሞክርም፤ አቅሜም አልቋል» አለች። ዓለምነህ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ስለነበር ለልመናው እኔን ይዛኝ ዞረች። ቢጫውን የመምሬ ገብረ ሊባኖስ ባለቤት ሰጧት። ቀዩ የተገኘው ከእኛው ቤት ነው። እናቴ በሰርጓ ቀን ያሰረችውን ቀይ ሻሽ ከሣጥን አውጥታ በጥርሷ ቀደደችው። አባዬ መደብ ላይ ተቀምጦ አዲሱን ጠመንጃ ይወለውል ነበር፤ ሚሊሻ ሆኖ ከተሰጠው ገና ወሩ ነው። ቀና ብሎ «ቀዩን ከኔ ቤት ወስደሽ ወንድ ካልወለድሽ እንጣላለን!» ሲላት ሁላችንም ሳቅን። ይታየሽ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል በትከሻዋ ያዛትና «ተይ፣ ተይ፤ ማርያም ትቅረብሽ» አላት።

አረንጓዴውን ፍለጋ ሰቆጣ ገበያ ሄድን። ልብስ ሰፊው ዓሊዬ የስፌት መኪናውን ሱቁ በር ላይ ዘርግቶ ይሰፋ ነበር፤ በኩር ልጁ ነስረዲን ከውስጥ ጨርቅ ይለካል። ይታየሽ በማርያም ስም ስትለምነው «ለመርየምማ እንዴት እምቢ ይባላል? እኛም እንወዳታለን» ብሎ ከጥቅሉ ላይ አረንጓዴ ቆረጠላት። አልፎ ተርፎ እኔ ልስፋልሽ አለ። ሦስቱን ገጣጥሞ ሲያበቃ ግን መኪናውን አቆመና ጨርቁን ዘርግቶ አየው።

«እታለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኮከቡን ላድርግበት እንዴ?»

«የምን ኮከብ?»

«ሲገጣጠም እኮ ባንዲራ ሆነ። ያለ ኮከብ ክልክል ነው ብለው አዋጅ አውጥተዋል። ሰማያዊ ክብ፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ኮከብ። ለባንዲራው በዓል ስንቱን ስሰፋ ከረምኩ፤ የተረፈ አለኝ። አንዲት ጣል ላድርግልሽ።»

ይታየሽ ሳቀች። «ጋሼ ዓሊዬ፣ ሰማይ ላይ ሲወጣ ኮከብ ያለበት የማርያም መቀነት አይተው ያውቃሉ? ባንዲራ ልታጠቅ የመጣሁ መሰለዎት?»

«እኔማ ምን ይመስለኛል! ለሚያየው ሰው ብዬ ነው።»

«የሚያየኝ ሰውማ ሆዴን ያያል» አለችው።

እኔ ኮከብ ስለምወድ «ይደረግልሽ፣ ያምራል እኮ» ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ። «አንቺ ስትወልጂ ታስደርጊያለሽ» አለችኝ። የዓሊዬ ሚስት ዓሚኔ ከጓዳ ወጥታ ሆዷን ዳበሰቻትና መርቃ ሸኘችን። ዓሊዬ ግን እስክንርቅ ድረስ ሥራውን ትቶ ያየን ነበር።

በዚያው ሰሞን አባዬ ሥልጠና ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ ባንዲራ ማለቱን ትቶ «ሰንደቅ ዓላማ» ማለት ጀምሯል። ቤታችን ውስጥ የምንናገረው ኽምጥኛ ነው፤ አባዬ አማርኛ የሚያወጣው ለሹምና ለመሐላ ነበር። ያን ሰሞን ግን እኔን ፊቱ አቁሞ በአማርኛ ያስጠናኝ ጀመር።

«አረንጓዴው?»

«ሥራ፣ ልምላሜና ዕድገት!»

«ቢጫው?»

«ተስፋ፣ ፍትሕና እኩልነት!»

«ቀዩስ?»

«መስዋዕትነትና ጀግንነት!»

ሰማያዊው ሰላም፣ ኮከቡ የሕዝቦች አንድነት መሆኑንም እንደ ውሃ አጠጣኝ። ከቃሉ ግማሹ ምን እንደሆነ አላውቅም። መስዋዕትነት ምንድነው ብዬ ስጠይቀው «ስትደርሽበት ታውቂዋለሽ» አለኝ። ዛሬ ሳስበው እሱም አያውቀውም ነበር። ያኔ ግን ባንዲራውን የፈጠረው አባቴ ይመስል ነበር የምኮራበት።

አንድ ቀን መምሬ ገብረ ሊባኖስ ቤታችን ተጋብዘው ይህን ጥናት ሰሙ። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ።

«የሻምበል፣ እኔ ስንቱን አየሁት መሰለህ» አሉት። «በጃንሆይ ጊዜ መሃሉ ላይ አንበሳ ነበር፤ ዘውድ ደፍቶ፣ መስቀል ይዞ። ደርግ መጣና ዘውዱን አወለቀበት፤ መስቀሉንም ነጥቆ ጦር አስያዘው። ትንሽ ቆየና አንበሳውን ራሱን አባረረው። በሱ ፋንታ ሌላ ነገር አመጣ፤ እሱም ሄደ። አሁን ደግሞ ኮከብ መጣ። እኔ ግን ሰው የማያት ያችኑ ሦስቷን ነው።»

«አሁን በሕግ ነው፣ መምሬ» አለ አባዬ።

«ያኔስ በምን ነበር ልጄ?»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። መምሬ ሲወጡ እሷም ሳቋን ትታ «የይታየሽ መቀነት ነገር አያስፈራም?» ስትለው ሰማሁ።

«የሷማ መቀነት ነው።»

«ዓሊዬ ግን ባንዲራ ነው ብሏታል።»

«እኔ እያለሁ በዚህ ቀበሌ ማን ይነካታል?» አላት። ይህንንም በማግስቱ ትምህርት ቤት ወስጄ አወራሁት።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ይታየሽ ሰባተኛ ወሯን ጨርሳ ሆዷ ከፊቷ ይቀድማት ነበር። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ መቀነቱን ከላይ ታጥቃ፣ እጄን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በየደጁ የሚያገኛት ሁሉ «ማርያም በሰላም ትገላግልሽ» ይላታል፤ እሷም «አሜን፣ አሜን» እያለች ትሄዳለች።

በሩ ላይ ፍተሻ ነበር። ከከተማ የመጣ ወንዳወቅ የሚባል የጸጥታ ሹም አዲስ ቡትስ ጫማውን አጥልቆ ቆሟል። ከቅጥሩ በር እስከ ዋርካው ድረስ እንደ ወትሮው ሦስቱ ቀለማት በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱም ላይ ኮከብ የለም። ሰዉ ተሰልፎ ሳለ ወንዳወቅ አባዬን ጠርቶ በሁላችንም ፊት ጮኸበት።

«ሥልጠና ወስደሃል፣ አልወሰድክም? ይኸ ሁሉ ልሙጥ ሲሰቀል የት ነበርክ? ጠመንጃውን ለጌጥ ነው የሰጠንህ? ነገ አስረክበኝ!»

አባዬ ትምህርቱን እንዳላጠና ልጅ አንገቱን ደፋ። መምሬ «በየዓመቱ የሚሰቀል ነው እኮ፣ እሱ ምን አጠፋ» ቢሉ የሚሰማቸው አላገኙም። አባዬ መሰላል አስመጥቶ ራሱ ወጣና ገመዱን ቆረጠው። ጨርቁ ሁሉ አቧራው ላይ ሲወድቅ ሕዝቡ አጉረመረመ። እኔ በአባዬ ፋንታ አለቀስኩ።

ከመሰላሉ እንደወረደ ሰልፉን ማየት ጀመረ። አየን። ይታየሽን አየ፣ እኔንም አየ። ከዚያ እጁን አንስቶ ወደ እኛ ጠቆመና ለወንዳወቅ አንድ ነገር ነገረው።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! እርጉዝ ሴት ሰልፍ እንዳትይዝ፣ ዘመዶቼ ናቸው ይለፉ እያለ የሚያስፈቅድልን መሰለኝ። «ነይ፣ አባዬ እየጠራን ነው!» ብዬ ይታየሽን እጇን ይዤ ሰዉን እየሰነጠቅኩ ወሰድኳት። ሴቶቹም ሆዷን እያዩ መንገድ ለቀቁልን።

ወንዳወቅ መቀነቱን አየና «ይኸ ምንድነው?» አላት።

«መቀነት ነው፣ ጌታዬ።»

«ባንዲራ በወገብ ይታሰራል?»

«የማርያም ነው፣ ጌታዬ። የስለት ነው።» አማርኛዋ ብዙ አይደለም፤ ይህንኑ ደጋግማ አለችው።

ወንዳወቅ ወደ አባዬ ዞሮ «ፍታው» አለ። ይታየሽ በሁለት እጇ ሆዷን አቅፋ በኽምጥኛ ጮኸች። «አይፈታም! የሻምበል፣ አንተ ታውቃለህ፤ አይፈታም!»

አባዬ ከወገቡ ቢላዋ አወጣ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ አንዲት ነገር ሲላት አየሁ፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ አይዞሽ ያላት ነው የመሰለኝ። ከዚያ ቢላዋው እንዳያገኛት አንድ ጣቱን በመቀነቱና በሆዷ መካከል አስገብቶ ቆረጠው። እኔም አዝኖላት ነው አልኩ። ለብዙ ዓመት ስለ አባቴ ደግነት የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የምነግረው ያችን ጣት ነበር። መቀነቱ ሲበጠስ መሬት መሬቱን አየሁ። ምንም አልወደቀም፤ ተመስገን አልኩ።

ይታየሽን ለጥያቄ ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ወዳለው የቀበሌ መጋዘን ወሰዷት። አባዬ ከኋላ ተከተለ። እናቴ ሮጣ መጣችና በሩ ላይ ቆምን። «አባትሽ አብሯት ነው፤ አትፍሪ» አለችኝ። ከቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ የወንዳወቅ ድምፅ ተሰማ፣ ቀስ ያለ ነው። ቀጥሎ የይታየሽ ጩኸት መጣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ብዙም ሳይቆይ ወንዳወቅ ፊቱ ተለዋውጦ ወጣና ወደ ውስጥ ዞሮ «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» ብሎ በአባዬ ላይ ጮኸ። ስታለቅስ አንጀቱ አልችል ብሎት አባዬ ተከራክሮላት፣ ለዚያ የተቆጣው መሰለኝ። አባዬ ሲወጣ እኛን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ይታየሽን በቃሬዛ ነበር ወደ ቤት ያመጧት። እኔን አስወጡኝ። ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ እናቴ «ሆዷ ድንጋይ ሆኗል፣ ድንጋይ ሆኗል» ስትል፣ ሌላዋ ሴት ደግሞ ጨርቅ አምጡ ስትል እሰማለሁ። ጨርቁ እየቀላ ይወጣል። ወንድ ልጅ ነበር አሉ፤ ድምፅ ሳያሰማ ተወለደ። እሷ ነፍስ ስትዘራ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ሲጠይቋት «መቀነቴ ተበጥሶ ነው» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም የማውቀውን ነገር ስለተናገረች አልገረመኝም።

ያልተጠመቀ ነውና ከቅጥር ውጭ ተቀበረ። ጉድጓዱን የቆፈረው አባዬ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ስንመለስ መንገድ ላይ ይወድቅ ይነሳ ነበር። እንዲህ የሚያዝን አባት ያለው ልጅ ብዙ የለም ብዬ አሰብኩ።

ዓለምነህ ከሁመራ ሲመለስ ወንዳወቅን ካልገደልኩ ብሎ ተነሳ። ወንዳወቅ ግን ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበር። ይታየሽም እግሩ ሥር ወድቃ «ማንም አልነካኝ፤ መቀነቱ ነው» አለችው። ያኔ እኔ ፊቱ ቆሜ አባዬ እንዴት እንደጠቆመልን፣ እንዴት ጣቱን እንዳስገባ፣ እንዴት መጋዘን ድረስ ገብቶ እንደተከራከረላት ተረኩለት። ዓለምነህ ወንድሙ አንገት ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። «አንተ ባትኖር እሷንም አጥቻት ነበር» አለው። አባዬ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይታየሽ ከምድጃው አጠገብ ሆና እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር።

ሌላ ልጅ አላረገዘችም። እኔን ግን አሳደገች። ጫማዬን አጠበች፣ ስንቄን ሰነቀች፣ ነርስነት ልማር ስሄድ ከእናቴ ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ናት። ለዕረፍት ስመለስ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ታሪክ አወራ ነበር። እሷ እየሰማች ሳህን ታነሳለች።

ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ቀን አስተማሪያችን እንግዴ ልጅ ያለ ጊዜው ከማህፀን ሲላቀቅ የሚሆነውን አስረዱን። ሆድ እንደ ጣውላ ይደርቃል፣ ደም ይፈሳል፣ ሽሉ ይሞታል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሆድ ላይ የሚያርፍ ምት ነው ሲሉ እጄ መጻፉን አቆመ። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ወንዳወቅን ያን ቀን ነው ይበልጥ የጠላሁት። እዚያች ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው እንደነበረ እያወቅኩ፣ ሐሳቤ ወደዚያ ዝር አላለም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ባንዲራውም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ኮከቡን የሚያነሳው ሰው አነሰ፤ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ በየመኪናው ላይ ልሙጡ ነገሠ። አባዬም ሦስቱን ቀለማት ያለ ኮከብ በጠመንጃው ሰደፍ ላይ ጠቀለላቸው። መንደሩ አጨበጨበለት። «ዱሮም የሻምበል ልቡ ከሕዝብ ጋር ነበር» ተባለ። አባዬ ያንን ጠመንጃ ይታየሽ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲቀመጥ ብዙ እራት አቅርባለታለች።

አምና ሐምሌ አባዬ ጉበቱን ታሞ ሞተ። ሣጥኑን ልሙጡን ባንዲራ አለበሱት። የሕይወት ታሪኩን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እኔ እንድናገር ተወሰነ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት ይታየሽን ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ለለቅሶተኛ የሚሆን ብርጭቆ ታጥብ ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ያንን ቀን እናገራለሁ» አልኳት። «ፈቃድሽ ከሆነ፣ ወንዳወቅ ሲመታሽ አባዬ መሃል መግባቱን ልናገር ነው። እስከ ዛሬ ተመታሁ አላልሽም፤ እኔ ግን ሥራዬ ነው፣ አውቄዋለሁ።»

የያዘችውን ብርጭቆ አጥባ ጨረሰች።

«ወንዳወቅ አልመታኝም» አለች።

«ታዲያ ማን መታሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንድረዳት ጊዜ የሰጠችኝ ይመስለኛል። እኔ ግን የምረዳ ሰው አልነበርኩም፤ ደግሜ ጠየቅኳት።

«ሰውየውማ አላየኝም ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ጠቁሞ ያሳየኝ አባትሽ ነው። ጠመንጃውን እንዳይቀማ ነው መሰለኝ።» ሌላ ብርጭቆ አነሳች። «መጋዘን ስንገባ ሰውየው ሆዴን አይቶ መቀመጫ ሰጠኝ። በደህና ነው የጠየቀኝ። 'ጨርቁን ከየት አመጣሽው?' አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት አባትሽ በጫማው ሆዴን አለኝ። ቀዩ ከሱ ቤት መሆኑን እንዳልናገር።»

«ልትናገሪ ነበር?»

«እኔ? 'ለምኜ ነው' ልል ነበር። ይችኑ ብቻ።»

ከግቢው በኩል የአስለቃሿ ድምፅ ይመጣል። የአባቴን ጀግንነት እየጠራች ታስለቅሳለች። ከአፌ የወጣው የልጅ ጥያቄ ነው።

«ቢላዋውን ሲያወጣ በጆሮሽ ምን አለሽ?»

«'አታዋርጂኝ' አለኝ።»

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ? እኔ ያንን ሁሉ ስቀባጥር...»

«ለማን ልናገር? ለዓለምነህ? ወንድሙን ገድሎ ወህኒ ይውረድልኝ? ልጄን አጥቻለሁ፤ ባሌን ልጨምርበት?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «መቀነቱ ነው አልኩ። ሰዉም እሺ አለኝ። አንቺ ደግሞ ስታወሪው እያማረ ሄደ፤ ዓለምነህ በሰማው ቁጥር ልቡ አርፎ ያንን ሰውዬ መፈለጉን ይተዋል። ስለዚህ አውሪ ብዬ ተውኩሽ።»

ጠላኋት። ለአንዲት ቅጽበት አባቴን ሳይሆን እሷን ጠላኋት፤ አባቴን በሞተበት ቀን ስለገደለችብኝ። ከዚያ እጆቿን አየሁ። ከቀዝቃዛው ውሃ ቀልተው፣ ገና ያልታጠቡትን ብርጭቆዎች እየለዩ ነበር። ልስማቸው ጎንበስ ስል ዓለምነህ ከቤቱ ማዕዘን ዞሮ መጣ። ሸምግሏል፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ዮርዲ፣ ሰው እየጠበቀሽ እኮ ነው» አለኝ። ትከሻዬን ይዞ አነሳኝ። «ሌላውን ብትረሺ ይታየሽን ያተረፈልኝን እንዳትረሺብኝ። እኔ ልናገረው ስል እንባ ይቀድመኛል።»

ይታየሽ ቀና አላለችም። እኔም ተከትዬው ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ከሣጥኑ ራስጌ ቆምኩ። የትውልድ ዘመኑን፣ ጋብቻውን፣ የልጆቹን ስም ተናገርኩ። ዓለምነህ ከፊት ቆሞ ከንፈሬን ከንፈሬን ያያል። ይታየሽ ከሴቶቹ መካከል ናት። አፌን ከፈትኩና ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩት፤ ከዱሮውም አሳመርኩት። ሕዝቡ አለቀሰ። ዓለምነህ ሣጥኑ ላይ ተደፍቶ «ወንድም ማለት አንተ!» እያለ ባንዲራውን ሳመ።

ከቀብር ስንመለስ ይታየሽ ከሴቶቹ ተነጥላ መጣችና ክንዴን ያዘች።

«ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽ» አለችኝ። «ነገ ደግሞ ከፃግብጂ ለለቅሶ የሚመጡ አሉ። ዓለምነህ ንገሪያቸው ማለቱ አይቀርም፤ እንዳታሳጥሪው።»